የእንግዳ ውሃ

እውነቱን ብናገር ይሻላል፤ ቀድሞ የተሰማኝ ደስታ ነበር። ድንጋጤው የመጣው ቆይቶ ነው።

ከጠርሙሱ ክዳን ስር ያስገባኋት ነጭ ወረቀት መጀመሪያ ቢጫ መሰለች፤ ትንሽ ቆይታ ወደ ቡኒ አዘነበለች። እኔ ከወንበሬ ብድግ ብዬ «መጣ! ወላሂ መጣ!» ስል በአዳራሹ የነበሩት መምህራን በሙሉ ዞረው አዩኝ። ሙሽራ የገባች ነበር የሚመስለው።

ይቅር በሉኝ። ከሚሴ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ባዶ ብልቃጦችና ቁልፉ የጠፋበት አንድ ቁም ሣጥን ነው። ስለዚህ የቀለም ለውጥን ሳስተምር የኖርኩት በጠመኔ ነው፤ በነጭ ጠመኔ እየጻፍኩ «እዚህ ጋ ሰማያዊ ይሆናል» እላለሁ፣ ተማሪዎቼ «እሺ» ይላሉ፣ ተማምነን ወደየቤታችን እንሄዳለን። በዚያ ቀን ግን ስለ ውሃ መመርመሪያ ሣጥን ሊያሠለጥኑን ጠርተውን፣ እውነተኛ ለውጥ ከገዛ እጄ ስር ሲመጣ አየሁ። ሁላችንም ከየሰፈራችን ውሃ ይዘን እንድንመጣ ተነግሮን ነበር። የሌሎቹ ወረቀት ነጭ እንደሆነ ሲቀር የእኔ ብቻ ቀለም አወጣ! ከክፍል አንደኛ የወጣሁ ያህል ኮራሁ።

አሠልጣኙ ድምፁ ዝግ ያለ ጎልማሳ ነው። ወረቀቷን አውጥቶ ከቀለም ካርዱ ጋር አስተያየ። ከዚያ ካርዱን አስቀምጦ እኔን አየኝ።

«ይሄን ውሃ ከየት ነው ያመጣሽው?»

«ከአባቴ ጉድጓድ!»

«ሰው ይጠጣዋል?»

«እንዴ! የሰፈሩ ሰው በሙሉ ነዋ።»

«እንግዲያው ተቀመጪ» አለኝ።

ተቀመጥኩ። አርሰኒክ ነው አለኝ። ስሙን አውቀዋለሁ፤ በየዓመቱ የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ላይ በእንጨት እየጠቆምኩ አልፈዋለሁ። እዚያ ሰንጠረዥ ላይ ሲቀመጥ ማንንም አይነካም። ማንም አልጨመረውም አለ፤ ከጥልቅ ዐለት ውስጥ ከውሃው ጋር የሚወጣ ነው። ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም፣ ቢያፈሉት አይለቅም። ሰው ዓመታት ይጠጣዋል፤ ቀስ ብሎ ቆዳ ላይ፣ መዳፍ ላይ ይታያል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ይገባል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን ተረት እኔ ሁልጊዜ ስለ ወንዝ ሙላት ይመስለኝ ነበር።

ስለ ጉድጓዱ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ አይገባችሁም። አባቴ የጨፋ ሰው ነው። ከቦርከና ወንዝ ዳር ማሽላና ጤፍ ሲያርስ ኖሮ ሞተ። እሱ ሲሞት እኔና ወንድሞቼ ተመካክረን በስሙ ውሃ አስቆፈርን። ሰደቃ ጃሪያ ይባላል፤ የማይቋረጥ ምጽዋት ማለት ነው። ሰው ከዚያ ውሃ በጠጣ ቁጥር አጅሩ፣ ማለትም ምንዳው፣ ለሟቹ መቃብሩ ድረስ ይደርሰዋል። ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ የፀሐይ ፓምፕ ገባ፣ ታንከር ቆመ፣ ከስሩ ቦኖ ተተከለ። ከዚያ በፊት ሴቶቹ ከወንዙ ዳር አሸዋ ጭረው የደፈረሰ ነበር የሚቀዱት፤ ሕፃናቱ በተቅማጥ ያልቁ ነበር። ቦኖው ሲመጣ ያ ቀረ። ይህም እውነት ነው፤ መደበቅ አልፈልግም።

የቦኖው ቁልፍ እናቴ ጋ ነው፤ ከአንገቷ አይወርድም። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴን ቀጥ አድርጎ ያቆማት ያ ቁልፍ ነው። ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ ሄዳ ትከፍታለች፣ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፣ ጀሪካን በሞላ ቁጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «አድርስለት» ነው የምትለው። ሌላ ሐዘኗን የምትወጣበት መንገድ አልነበራትም። አሠልጣኙ «መጠጣት መቆም አለበት» ሲለኝ እኔ የታየኝ ያ ድንጋይ ነው።

አሠልጣኙ ውሃውን አዲስ አበባ ላለ ላቦራቶሪ እንደሚልክ ነገረኝና የተረፈውን ሣጥን ከነወረቀቱ ሰጠኝ። «ከቦኖውም ከየቤቱም እያመጣሽ ደግመሽ እይ። እርግጠኛ ስትሆኚ ንገሪያቸው» አለኝ። ሣጥኑን አቅፌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱን በሙሉ አንዴ እጸልያለሁ፣ አንዴ ወረቀቶቹን እያወጣሁ እቆጥራለሁ። ፍርሃትም ነበረኝ፣ ግን ደግሞ ልዋሻችሁ አልችልም፣ ልቤ ሰርግ እንደተጠራ ሰው ይዘል ነበር። እውነተኛ ሙከራ ልሠራ ነው!

ለእናቴ «የትምህርት ቤት ሥራ ነው» አልኳት። አምስት ጎረቤት ሴቶች ጠራሁና ነገ ጠዋት ከቤታቸው የሚጠጡትን ውሃ በአንድ አንድ ጠርሙስ እንዲያመጡልኝ ነገርኳቸው። «ጠርሙሱን በደንብ እጠቡት» አልኩ። «መሣሪያው ከከተማ የመጣ ነው፤ እንዳታሳፍሩኝ።»

ጉድ ያፈላችው ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት፤ እኔ ግን ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

በማግሥቱ ጠርሙሶቹን ግቢያችን ውስጥ ግራሩ ስር ደረደርኳቸው። ከሣጥኑ ጋር የሚመጣው ዱቄት ውሃው ውስጥ ሲጨመር የሚወጣው ጋዝ መጥፎ ስለሆነ ነው ውጭ የወጣሁት። ስድስት ጠርሙስ፣ አንዱ ከቦኖው በገዛ እጄ የቀዳሁት፣ አምስቱ ከየቤቱ። ዱቄቱን ጨመርኩ፣ ከደንኩ፣ ሰዓቴን ያዝኩ። ሴቶቹ ዙሪያዬን ቆመው ሹክ ይባባላሉ። ከቦኖው የቀዳሁት ቡኒ ሆነ። የመጀመሪያዋ ቤት ቡኒ። ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ፣ አራተኛዋ፣ ቡኒ፣ ቡኒ፣ ቡኒ። አምስተኛው ነጭ!

ትንሽ ጠበቅሁ። ነጭ። ቡኒ የማለት ሐሳብም የለውም። አዲስ ወረቀት አውጥቼ ደገምኩት፤ እንደ ጥጥ ነጭ ሆኖ ቀረ። ጠርሙሱ የአጥር ጎረቤታችን የአክስቴ ነበር። አክስቴ የምላቸው በሥጋ ስለምንዛመድ አይደለም፤ ልጅ ሆኜ አጥር ዘልዬ ማሽላ እሸት ስሰርቅ ጆሮዬን ያጣመሙ ሴት ስለሆኑ ነው። ምላሳቸው ስለት ነው፣ እጃቸው ግን ለጋስ። ወደ ቤታቸው ሮጬ ገባሁ። ውሃው ያለው በሸክላ ገንቦ ነው፤ አፍንጫዬን ወደ ገንቦው አፍ ሳስጠጋ የወይራ ጢስ ሸተተኝ።

ሰው ሁሉ የወተት እቃ ያጥናል። የውሃ ገንቦ የሚያጥኑ ግን ከሰፈሩ እሳቸው ብቻ ናቸው። አንድ ቦኖ፣ አንድ ውሃ፣ አንድ የታጠነ ገንቦ፣ አንድ ነጭ ወረቀት! ወይራ! ወይራው ነው የሚያጠፋው! ወዲያው ኮምቦልቻ ላለው ወንድሜ ደወልኩ። «ጉድጓዱ አይዘጋም!» አልኩት። የምን ጉድጓድ፣ ለምን እንደሚዘጋ፣ ምኑንም አልነገርኩትም ነበር። «ሰላም ነሽ ግን?» አለኝ። ሰላም ነበርኩ። ከሰላምም በላይ ነበርኩ። እናቴ ሳትሰማ፣ ድንጋይዋ ላይ እንደተቀመጠች፣ ለአባቴም ሳይቋረጥበት ነገሩ ሊያልቅ ነው። ያ ሁሉ ደግሞ በእኔ ግኝት! ትንሽ ክብርም አላማረኝም አልልም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ለመልቀምም አልደረስኩም። ሦስት ቀን ሙሉ ገንቦ እያጠንኩ ከረምኩ። ከየቤቱ ገንቦ ተዋስኩ። ደረቅ ወይራ፣ እርጥብ ወይራ፣ ከዳገቱ የመጣ ወይራ፣ ከሜዳው የመጣ ወይራ። አጥኜ የቦኖ ውሃ እሞላለሁ፣ አሳድራለሁ፣ እሞክራለሁ፣ ቡኒ። ጢሱን አበዛለሁ፣ ቡኒ። ግቢው ከሩቅ ሲታይ የተቃጠለ ይመስል ነበር። እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች መጥታ «ምን ሆነሻል ልጄ? አሁን ውሃ ይታጠናል?» አለችኝ። ሴቶቹ ደግሞ አጥር ተደግፈው ይስቃሉ። «አስተማሪዋ ገንቦ ልትድር ነው! መቼ ነው ኒካው?» አለች አንዷ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በየቀኑ ግን ወረቀቶቼ እያነሱ ሄዱ፤ በመጨረሻ ሁለት ቀሩ።

አሁን የምጽፈውን ስጽፍ ፊቴ ይግላል። በእነዚያ ቀናት ሁሉ ቦኖው ክፍት ነበር። ወንድሜ የደወለ ጊዜ ሁሉ «ሥራ ላይ ነኝ» እያልኩ ዘጋሁበት። እናቴ ትከፍታለች፣ ሰው ይቀዳል። አንዲት እርጉዝ ጀሪካኗን አስቀምጣ በመዳፏ ደጋግማ ስትጠጣ ከግራሩ ስር ሆኜ አየኋት። «ተይ» ለማለት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እናቴን አየሁ፤ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነበር። አፌን ዘጋሁት። ነገ ወይራው ይሠራል፣ ነገ ሁሉም ነገር ደህና ይሆናል አልኩ ለራሴ። እርግጠኛ ያልሆንኩት በወይራው እንጂ በመርዙ አልነበረም፤ መርዙንማ ካወቅሁት ቆየሁ።

በሦስተኛው ቀን ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ አክስቴ መጡ። በርጩማ ሳቡና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ጢሱንም፣ ገንቦዎቹንም፣ እኔንም ተራ በተራ አዩ።

«ምንድነው እንዲህ ያከሳሽ?»

«የእርስዎ ገንቦ ነው አክስቴ» አልኳቸው። «የሁሉም ውሃ መጥፎ ነገር አለበት፤ የእርስዎ ብቻ የለበትም። እንዴት እንደሚያጥኑት ይንገሩኝ። እባክዎ፤ ሁለት ወረቀት ነው የቀረኝ።»

መጥፎ የምትለው ቃል አምልጣኝ ነው። እሳቸው ግን እሷን አልያዟትም። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ።

«አፈር በበላሁ! ያ ውሃ እኮ የቦኖ አይደለም።»

«እና የምን ነው?»

«የእንግዳ ነው።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። በእኛ አገር እንግዳ የሚጠጣው ውሃና የቤት ሰው የሚጠጣው ውሃ አንድ አልነበረም። ዳገቱ ላይ ከዐለቱ ስር የሚፈልቅ ምንጭ አለ፤ ለአማች፣ ለመውሊድ፣ ለለቅሶ የመጣ ሰው ከዚያ ወጥተው ይቀዱለታል፣ በታጠነ ገንቦ ያስቀምጡለታል። ቦኖው ከመጣ ወዲህ ሁሉም ሰው ይህን ትቶታል። እግሩም ይደክማል፣ ቦኖውም ደጅ ላይ ነው። አክስቴ ግን እልኸኛ ናቸው፤ ልጆቻቸው ከሩቅ በሚመጡበት ሰሞን ዳገቱን ይወጡ ነበር።

«ከቤታችሁ የምትጠጡትን ነበር እኮ ያልኳችሁ!» አልኩ።

«ከከተማ የመጣ ነው፣ እንዳታሳፍሩኝም ብለሻል! ከከተማ ለመጣ የቦኖ ውሃ ልስጥ? እኔን ማን አድርገሽ ነው የምታይኝ?»

«መሣሪያ ነው አክስቴ! እንግዳ አይደለም!»

«እኔ ምን አውቄ! ከሩቅ እስከመጣ ድረስ እንግዳ ነው።»

ሳቅሁ። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ፤ በመሃል እንባው ብቻ ቀረ። አክስቴ ግራ ገብቷቸው «አብሽሪ፣ አይዞሽ» እያሉ ጀርባዬን መታ መታ ያደርጉኛል። ወይራዬ፣ ግኝቴ፣ ክብሬ፣ ሁሉም በአንድ ቃል ጢስ ሆነ። ግን ተመልከቱ፤ እያለቀስኩ ሳለ ሌላ ነገር ራሴ ውስጥ ብልጭ አለ። ነጩ ወረቀት ውሸት አልነበረም። ነጭ ውሃ አለ! ገንቦው ውስጥ ሳይሆን ዳገቱ ላይ!

በነጋታው ጎህ ሲቀድ ከአክስቴ ጋር ወጣን። እኔ ወጣት ነኝ ባይ፣ ልቤ እስኪወልቅ ሳለከልክ፣ እሳቸው ከፊቴ ሆነው «ኮቱ! ኮቱ!» ይሉኛል፤ በኦሮምኛ ነዪ ማለታቸው ነው። ስንደርስ ምንጩ በሐረግ ተሸፍኗል፤ አክስቴ ሐረጉን ገለጥ አደረጉና በመዳፋቸው ቀድተው ቀድመው ጠጡ። ከታች ጨፋ በሙሉ ይታያል፤ ማሽላው፣ ቦርከና፣ የኛ ታንከር እንደ ጥቁር ነጥብ። ሣጥኔን ድንጋይ ላይ ከፈትኩ። ዱቄቱን ስጨምር ቸኩዬ ትንሽ ደፋሁት። ከድኜ ጠበቅሁ። ነጭ። የመጨረሻዋን ወረቀት አወጣሁና ደገምኩ። ነጭ! ዘልዬ አክስቴን አቀፍኳቸው፣ ግንባራቸውን ሳምኳቸው፣ ሁለታችንም ልንወድቅ ምንም አልቀረን። «ኤዬ፣ አዎ» አሉ እየሳቁ፣ «ቢሻን ጋሪ ነው እኮ። ጥሩ ውሃ መሆኑን ለማወቅ ይሄ ሁሉ ዱቄት ምን አስፈለገ?»

ከዚያ መውረድ ጀመርን። መጥፎ የምትለዋ ቃል ሲያድር ትዝ ብላቸዋለች መሰለኝ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመው «ስለ ቦኖው የምትነግሪን ነገር አለሽ አይደል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እኔ ሳልሆን እናትሽ ናት መስማት ያለባት» ብለው ቀድመውኝ ሄዱ።

እናቴ ድንጋይዋ ላይ ነበረች። አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ወረቀቱን፣ ዐለቱን፣ መዳፍ ላይ የሚወጣውን፣ የማይሸተውን። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ትጮኻለች ብዬ ነበር፣ ወይም «ሐሰት ነው» ትለኛለች ብዬ።

«ካወቅሽ ስንት ቀንሽ ነው?» አለችኝ።

«አራት... አምስት ቀን።»

«አምስት ቀን እኔ ለሰው ሳስቀዳ ቁጭ ብለሽ ታዪኛለሽ?»

«አንቺ እንዳታዝኚ ብዬ ነው እማ።»

«እኔ ማዘን አቅቶኝ ያውቃል?» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እኔ ግን ከተወለድኩ ጀምሮ እንደዚያ ተቆጥታኝ አታውቅም። አምስት ቀን የጠበቅኋት መስሎኝ ነበር፤ ለካ በእሷ እጅ መርዝ ሳስቀዳ ነው የከረምኩት። ተነሳች፣ ቦኖውን ዘጋች፣ ተራ ይጠብቁ የነበሩትን ሴቶች «ቆዩ፣ አትቅዱ» አለቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ይህን ጊዜ ድምፅዋ ተሰብሮ፣ «አባትሽስ? እስከ ዛሬ ሲደርሰው የነበረው ምንድነው?» አለችኝ።

ይህ የኬሚስትሪ ጥያቄ አልነበረም። እጇን ይዤ ወደ መስጊዱ ሸህ ወሰድኳት።

ሸሁ ረጅም ሰዓት አዳመጡ። ቶሎ ቶሎ ፈትዋ የሚሰጡ ሰው አይደሉም፤ «አላውቅም» ማለት የማያፍሩ በመሆናቸው ነው ሰው የሚያምናቸው። «ለሶላት ስለሚታጠቡበት የውዱእ ውሃ ጠይቂኝ፣ እነግርሻለሁ» አሏት። «ስለ መርዝ ልጅሽ ናት የምታውቀው፣ እሷን ስሚ። እስከ ዛሬ ያላችሁት ኒያ፣ የልባችሁ ሐሳብ ነው፤ ሳታውቁ ያጠጣችሁትን አላህ በኒያችሁ ይጽፈዋል፣ ኢንሻአላህ። ካወቃችሁ ወዲህ የምትሞላው ጀሪካን ዕዳዋ ግን የእናንተ ነው።» የመጨረሻውን ሲሉ እኔን ነበር የሚያዩት። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።

እናቴ ተመልሳ ሰው ሰበሰበች። ከቤቷ ያለውን የቦኖ ውሃ በሙሉ አውጥታ በሁሉም ፊት ደፋችው። ሁሉም ወዲያው አላመነም። «አናየው፣ አይሸተን፣ ምን ዓይነት መርዝ ነው?» ያለ አለ። ከስብሰባው ጀርባ አንድ ሽማግሌ «ጉድጓድ ስትምሱ አታርቁት ይባል አልነበር?» ብለው ሰዉን አሳቁት። እኔ ተናድጄ ልመልስላቸው ስል አክስቴ ቀደሙኝ። «ዳገቱ ላይ ለእንግዳ የሚሆን ውሃ አለ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ሁላችንም እንግዳ እንሁን።» ያኔ ሳቁ ወደ ሌላ በኩል ዞረ። በማግሥቱ ጠዋት ሴቶቹ ተሰልፈው ዳገቱን ሲወጡ አየሁ፤ እርጉዟም ነበረች፣ ጀሪካኗን ግን እህቷ ነበር የያዘችላት። ጮክ ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ በኋላ ነገሮች ባልጠበቅሁት ፍጥነት ሄዱ። ከአዲስ አበባ የመጣው ውጤት ወረቀቶቼን አረጋገጠ። ባለሙያዎች መጥተው ምንጩን ለኩ፣ ቱቦ መጣ፣ ወንዶቹ በደቦ ቦዩን ቆፈሩ። እኔም ቅዳሜና እሁድ እየመጣሁ ዶማ ያዝኩ፤ ሁለት ጊዜ መታሁና እጄ ውሃ ቋጠረ፣ «አንቺ ጠመኔሽን ያዢ» ብለው አባረሩኝ። ውሃው በቱቦው ወርዶ ሰፈሩ መሃል የደረሰ ቀን የነበረውን ጩኸት መግለጽ አልችልም። ሰው ውሃ አይቶ የማያውቅ ይመስል ተረጫጨ። አክስቴ ጓሯቸው ቆመው «ከእንግዲህ ለእንግዳ ምን ልሰጥ ነው?» ብለው ያማርራሉ፤ ደስታቸውን የሚናገሩት እንደዚያ ነው።

እናቴ ግን በዚያ ቀን ፈገግ ብላ ቀረች። የአባቴ ቦኖ ተዘግቷል። አዲሱ ውሃ የመንደሩ ሁሉ ነው፤ የእሱ ስም የለበትም። ጥሩ ነገር መሥራታችንን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከሚሴ ተመልሼ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳለ ያ ሰው አልባ ድንጋይ ይታየኛል። ከአንገቷ ላይ ቁልፏን የነጠቅኋት እኔ ነኝ። በየምሽቱ ስደውል «ደህና ነኝ፣ አልሃምዱሊላህ» ትላለች። ስለ አባቴ አታነሳም። ከዚያ በፊት ሳታነሳው የዋለችበት ቀን አላስታውስም።

አንድ ቀን ጎረቤት ደውላ እናቴ እንደገና ቦኖው ጋ እንደምትውል ነገረችኝ። ደነገጥኩ። ናፍቆት ሐሳቧን ያወከው መሰለኝ። ወዲያው ደወልኩላት።

«እማ፣ ውሃ የሌለበት ቦኖ ጋ ምን ታደርጊያለሽ? ፀሐይ ላይ?»

«ማን ነግሮሽ ነው? ልነግርሽ ስል!» አለች። ድምፅዋን ስሰማ ማን እንደሆነች ተጠራጠርኩ። ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ተቻኩላ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም።

«እኛስ እናውቃለን፤ መንገደኛው አያውቅም። ከሮቢት የሚመለሰው፣ ከብት እየነዳ ሰንበቴ ገበያ የሚወርደው፣ ቦኖው አለ ብሎ ጠምቶት ይመጣል። ተዘግቶ ሲያገኘው ቁልፉን በድንጋይ ሊሰብር ይታገላል። እና ከአዲሱ ውሃ አንድ ጀሪካን ይዤ እቀመጣለሁ። 'ቢሻን ከና ሂን ዱጊና' እላቸዋለሁ። ይሄን ውሃ አትጠጡ፣ በሽታ ነው፣ ከዚህኛው ጠጡ እላቸዋለሁ።»

«ጥሩ ነው እማ፣ ግን ፀሐዩ...»

«ዝም በይና ስሚኝ! ዛሬ ሰባት ከብት ነጂዎች መጡ። ከቦኖው መለስኳቸው፣ ከጀሪካኑ ጠጡ። ትልቁ ሰውዬ 'ጉድጓዱ የማነው?' አለኝ። የባለቤቴ ነው አልኩት። 'በሕይወት አለ?' አለኝ። የለም አልኩት። ሰባቱም፣ ልጄ፣ ሰባቱም ዱላቸውን መሬት አስቀምጠው እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉለት። አላህ ይርሃመው አሉ። እኔ አሚን አልኩ።»

እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ውሃው ሲወርድ እኮ ሰው ሞልቶ ይሄድ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የማነው ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። የተመለሰው ሰው ነው የሚጠይቀው!» አለችኝ። «በይ ዝጊ፣ ከታች በኩል አቧራ ይታየኛል፤ ሰዎች እየመጡ ነው።»